መልስ፦ ጋና ነፃ የወጣችው በ1952 ነው በ1957?

1957 ብለህ ጻፍ። «የነፃነት ትግሉ መሪ ንክሩማህ በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ ነፃነቱ እንዴት በ1957 ይሆናል?» ላልከው፣ እንግሊዞች ሥልጣኑን ያስረከቡት በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1951 ምርጫ ሲካሄድ ንክሩማህ አክራ በሚገኘው ጄምስ ፎርት እስር ቤት ነበር። እዚያው ታስሮ ተወዳደረ፣ ፓርቲውም አሸነፈ። እንግሊዛዊው ገዥ አርደን ክላርክ አስፈታውና መንግሥት እንዲመሠርት ጠራው። ያሰረው መንግሥት ራሱ ና ምራ ሲለው አስበው! እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይሄ ቦታ ነው የሚነካኝ።

በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትር ተባለ። መከላከያና የውጭ ጉዳይ ግን ከገዥው እጅ አልወጡም። ለዚህ ነው ያ ዓመት እንደ ነፃነት የማይቆጠረው።

በ1956 እንግሊዝ ሌላ ምርጫ ይደረግ አለች። ፓርቲው ከ104 መቀመጫ 71ዱን ወሰደ። ማርች 6 ቀን 1957 ነፃነት ታወጀ። የእንግሊዝ ንግሥት ግን እስከ ጁላይ 1 ቀን 1960 ርዕሰ ብሔር ሆና ቆየች። ንክሩማህ ፕሬዚዳንት የሆነው ያን ቀን፣ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ማርች 6ን «መጋቢት 6» ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ ተማሪ እያለሁ እንደዚያ ጽፌ ነጥብ ተቀንሶብኛል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጥና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂድ።