ስለ ጽንስ የልብ ምት ጠይቁ፣ ሚድዋይፏ ትመልሳለች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሚድዋይፍ ነኝ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የልጄ የልብ ምት 152 ነው ተባልኩ። አልበዛም?

መልስ፦ አልበዛም እህቴ። ጤነኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ቁጥሩም አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከፍ ዝቅ ሲል ነው ደስ የሚለን።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ሴት ናት አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጾታ በልብ ምት አይለይም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ባለቤቴ ልትወልድ ነው። ጤና ጣቢያው ማሽን የለውም፣ በፌቶስኮፕ (ሆድ ላይ ተደርጎ በጆሮ በሚደመጥበት መሣሪያ) ነው የሚያዳምጡት። ይበቃል ይላሉ?

መልስ፦ ጤነኛ ከሆነች ይበቃል ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ምጧ በራሱ ለመጣ ጤነኛ እናት ያለማቋረጥ በማሽን መከታተልን አይመክርም። ሳያስፈልግ ወደ ኦፕራሲዮን የሚገቡትን ያበዛል። ዋናው በሰዓቱ መደመጡ ነው። ምጡ ሲፋፋም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። በየጊዜው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይደመጣል፤ ምጡ ሲይዛትም፣ ከለቀቃት በኋላም። የእናትየው የእጅ ምትም አብሮ ይቆጠራል፤ አለዚያ የእሷን ምት የልጁ ነው ብሎ መሳሳት አለ። ግን ደም ግፊት ካላት ወይም ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ከወለደች ሆስፒታል ትውለድ። ቀኗ ሳይደርስ የእናቶች ማቆያ ብትገባ ደግሞ እኔ በጣም እወዳለሁ። የመንዝ መንገድ በምጥ ሰዓት አይታመንም።

ጥያቄ (ከሞላሌ፣ አዲስ ተመራቂ)፦ ምጥ ሲመጣ ምቱ ሲወርድ እሰማለሁ። የቱ ነው አደገኛው?

መልስ፦ ከምጡ ጋር ወርዶ ከምጡ ጋር የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ስለሚጫን ነው፤ አያሰጋም። ምጡ ካለፈ በኋላም ዝቅ እንዳለ የሚቆየውን፣ ያውም እየደጋገመ ከሆነ፣ ፍሪው። ልጁ ኦክስጅን እያጠረው ሊሆን ይችላል። እናትየዋን በጎኗ አስተኚያት። ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያፋጥነው መድኃኒት) ተሰክቶ ከሆነ አቁሚ። እትብት ወርዶ እንደሆነ እዪ። ደም ግፊቷንና ሙቀቷን ለኪ፤ ትኩሳት ምቱን ከ160 በላይ ያደርገዋል። ካልተስተካከለ አምቡላንስ ጥሪ። እስኪነጋ ልጠብቅ ማለት የለም።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ልጄ ዛሬ እንቅስቃሴው ቀነሰብኝ። በተገዛች ትንሽ ዶፕለር (የልብ ምት የምታሰማ መሣሪያ) ምቱን ሰማሁት። ልረጋጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ በእሱ አትረጋጊ። የሰማሽው የራስሽ ደም ሥር ሊሆን ይችላል። የልጁ ቢሆንም ልቡ መምታቱ ብቻ ደህና ነው አያሰኝም። አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።