ዝናብ የሚያዘንብ ፓይለት፣ ወርቅ የምታወጣ ሲንጀር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከቢቸና ነው። በ2013 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሰው ሠራሽ ዝናብ ተሞከረ ሲባል ሰምተን ነበር። አባቴ እስካሁን አላመኑም። «በረዶ የሚመልስ ደብተራ አውቃለሁ፣ ዝናብ የሚያመጣ ፓይለት ግን አልሰማሁም» ይላሉ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ደመናችን እየተሰረቀ ነው የሚሉ አሉ። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ አባትህ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ፓይለቱ ግን አለ። ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ቪንሰንት ሼፈር የተባለ አሜሪካዊ ከአውሮፕላን ሆኖ ደመና ላይ ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) በተነና ከደመናው በረዶ ሲወርድ አየ። ባልደረባው በርናርድ ቮኔገት ደግሞ ሲልቨር አዮዳይድ የሚባል የብርና የአዮዲን ውህድ ያንኑ እንደሚሠራ ደረሰበት። ደመና ውስጥ ያለው ውሃ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የሲልቨር አዮዳይድ ቅንጣት አሠራሯ የበረዶን ስለሚመስል ውሃው እሷ ላይ ይረጋል፣ እየከበደ ይሄዳል፣ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል።

ግን ደመና ከሌለ ምንም የለም። ጥርት ባለ የጥር ሰማይ አውሮፕላን ሲመላለስ ቢውል ማሳህ ላይ ጠብ የሚል ነገር አታገኝም። ደመና ኖሮም ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ግምቱ ከምንም አንስቶ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ያ ደመና ባይነካ ስንት ያዘንብ እንደነበር ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዱባይ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ «ራሳቸው ያመጡት ነው» ተባለ። ያንን ዝናብ ያመጣው ግን ከቀናት በፊት የተተነበየ ትልቅ ወጀብ ነበር።

ስርቆቱን በተመለከተ፣ ጮቄ ተራራ ላይ ያረፈን ደመና አፍሶ የሚወስድ መሣሪያ የለም። ሰው መጠርጠሩ ግን አይገርመኝም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 በቬትናም ጦርነት የጠላትን የስንቅ መንገድ ጭቃ ለማድረግ በድብቅ ዝናብ ስታዘንብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለውን የጦር ሥራ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ለፊርማ ቀረበ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ኮምፒውተር የሰውን ድምፅ ቁርጥ አድርጎ ያስመስላል የሚባለው ወሬ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 የሦስት ሰከንድ ድምፅ ሰምቶ የሚያስመስል ፕሮግራም አሳይቷል። ስለዚህ «እማዬ፣ ታስሬአለሁ፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ከማይታወቅ ቁጥር ከመጣ እናትሽ ይዝጉትና በምታውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉልሽ። የቤተሰብ ምስጢር ቃል ብታበጁም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነው ያለሁት። አንድ ደላላ የአያቴን አሮጌ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና «ቀይ ሜርኩሪ አለበት» ብሎ ሚሊዮን እያወራ ነው። ስልክ መርፌው አጠገብ ሲጠጋ መስመሩ ከተቋረጠ አለ ማለት ነው ይላል። ለምርመራ ቅድሚያ አሥር ሺህ ብር ጠየቀን።

መልስ፦ አትስጠው! ይሄ ተረት ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ልክ ይሄው ወሬ፣ ከነስልኩና ከነመርፌው፣ ተነዝቶ የአሮጌ ሲንጀር ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። ማንም ምንም አላገኘም። ሜርኩሪ ብርማ ቀለም ያለው ፈሳሽ ብረት ነው። ቀይ የሆኑ የሜርኩሪ ውህዶች አሉ፤ አንዱ ድሮ ቀለም ይሠራበት የነበረው ሲናባር ነው። ደላላው የሚያወራው ቦምብ የሚሠራ፣ ጂኒ የሚጠራ፣ ወርቅ የሚስብ ነገር ግን የትም ቤተ ሙከራ ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም። መርፌው ተራ ብረት ነው። ስልክ ደግሞ ሲንጀር ባይኖርም ቡሬ ላይ ይቋረጣል።

ሰውዬው እውነት ሚሊዮን ካለው አሥር ሺህህን ምን ያደርግለታል? ቀንሶ ይውሰድ በለው። ከዚያ በኋላም ካልተወህ ስልክ ቁጥሩን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፣ ሌላ ጎረቤትም ጠይቆ ሊሆን ይችላል።