«ሁሉን ይምር ዘንድ»፦ ስለ ምሕረት፣ ይቅርታና አለመታዘዝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሳምንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ሮሜ 11፥32 ላይ ስንደርስ ተቸገርን። ጥቅሱ «እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ ዘግቶታልና» ይላል። አንዱ ወንድም «ሊምራቸው ብሎ ራሱ እንዳይታዘዙ አደረጋቸው ማለት ነው?» አለ። አንዲት ወጣት ደግሞ «ዘግቶታል» የሚለውን «ደወልኩለት፣ ዘጋኝ» እንደምንለው ነው የወሰደችው። እግዚአብሔር ሁሉን አኮረፈ ብላ ተረዳች። ደግሞስ ለምን «ይቅር ይል ዘንድ» አላለም? ምሕረት የእግዚአብሔር፣ ይቅርታ የሰው ነው የሚሉም አሉ። በመጨረሻ፣ የሚጻፈው «ምህረት» ነው «ምሕረት»? ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጠቀሱት በ1954 ዓ.ም. የታተመው፣ ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው ትርጉም ነው። የነገረ መለኮቱን ክርክር ለመምህራኑ እተወዋለሁ። እኔ የምመልሰው አማርኛው ምን ይላል የሚለውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው፤ ቀስ ብለን እንየው።

ከወጣቷ ልጀምር። ያቀረበችው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በዛሬው የከተማ አማርኛ «ዘጋኝ» ማለት «ፊት ነሳኝ፣ ችላ አለኝ» ነው። ይህን ስትሰማ ያደገች ልጅ «ሁሉን ዘግቶታል» የሚለውን እንደዚያ ብትሰማው አይፈረድባትም። ጥቅሱ የያዘው ግን የጥንቱን ፍቺ ነው፤ አንድን ነገር ወይም ሰው ከውስጥ አድርጎ መዝጋት። ከብት በበረት ይዘጋል፣ እስረኛ በወኅኒ ይዘጋል። ስለዚህ የተዘጋው ሰው ፊት የተነሳ ሳይሆን መውጫ ያጣ ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት 3፥22 ላይም ይኸው ግስ አለ፤ እዚያ መጽሐፍ ሁሉን «ከኃጢአት በታች» ዘግቶታል ይላል።

አሁን ወደ «በ» እንምጣ። የወንድማችን ጥያቄ የተነሳው ከዚህች አንዲት ፊደል ይመስለኛል። «በሩን በቁልፍ ዘጋ» ስንል «በ» መሣሪያ ያሳያል። «በጎቹን በበረት ዘጋ» ስንል ግን ቦታ ያሳያል። «በአለመታዘዝ ዘግቶታል» የሚለውን እንደ መጀመሪያው ካነበብነው፣ አለመታዘዝ እግዚአብሔር በእጁ የያዘው ቁልፍ ይሆናል። እንደ ሁለተኛው ካነበብነው ሰዎቹ ያሉበት ቤት ይሆናል። የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ሲዘጋባቸው እነሱ እዚያው ውስጥ ነበሩ።

«በ» ሁልጊዜ ቦታ ያሳያል ማለቴ አይደለም። በዚሁ በሮሜ መልእክት 5፥19 ላይ «በአንዱ ሰው አለመታዘዝ» ብዙዎች ኃጢአተኞች ሆኑ ይላል። እዚያ «በ» ምክንያት ነው፤ በአዳም አለመታዘዝ የተነሳ ማለት ነው። ታዲያ ልዩነቱን በምን እናውቃለን? በግሱ ነው። «ሆነ» ምክንያት ይፈልጋል፤ «ዘጋ» ግን የት ተዘጋ የሚለውን ያስጠይቃል።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጠነክረው ይኼ ነው። አለመታዘዙ የማን እንደሆነ ከፍ ብሎ ተነግሯል። ቁጥር 30 እና 31ን ይመልከቱ። እናንተ ከአሕዛብ የመጣችሁት ቀድሞ አልታዘዛችሁም፣ በእነሱ፣ ማለትም በአይሁድ፣ አለመታዘዝ ምክንያት ደግሞ እናንተ ምሕረት አገኛችሁ፣ እነሱም አሁን አልታዘዙም እያለ ይሄዳል። «አልታዘዛችሁም»፣ «አልታዘዙም»፤ የግሶቹ ባለቤቶች ሰዎች ናቸው። ቁጥር 32 ላይ ሲደርስ «አለመታዘዝ» ባለቤት የሌለው ስም ይሆናል። ባለቤቱ ያልተጠቀሰው ገና አሁን ስለተጠቀሰ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የእግዚአብሔር ሥራ ሆነው የቀረቡት ሁለት ግሶች ብቻ ናቸው፦ «ይምር» እና «ዘግቶታል»። አለመታዘዝ ከሁለቱ በአንዱም ውስጥ የለም።

«ዘንድ» ዓላማን ያመለክታል። በዛሬ ንግግራችን «እንዲምር» ብንል ያው ነው። እዚህ ላይ ማለስለስ አያስፈልግም፤ አማርኛው በግልጽ የዘጋበት ዓላማ ምሕረት ነው ይላል። ዓላማው ግን የተያያዘው ከመዝጋቱ ጋር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የቆዳ ደዌ የታየበትን ሰው ለይቶ ሰባት ቀን ይዘጋበታል፣ ከዚያ ያየዋል። የዘጋበት ካህኑ ነው፤ ደዌው ግን ከካህኑ አልመጣም። የመዝጋቱም ዓላማ መጨረሻ ላይ መርምሮ ነጻ ነህ ወይም አይደለህም ለማለት ነው። ወንድማችንን እንዲህ ቢመልሱለት ሰዋስዉን ሳያጣምሙ የሚረዳው ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ያለችውን «ና» ብዙ አንባቢ ያልፋታል። «ዘግቶታልና» ሲባል «እና» አይደለም፤ «ስለ» ማለት ነው። ዮሐንስ 3፥16 ላይ «ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» እንደሚለው ነው። ስለዚህ ቁጥር 32 ብቻውን የቆመ አዋጅ ሳይሆን ለቀደመው ነገር የተሰጠ ምክንያት ነው። ጥቅሱን ብቻውን ቆርጦ የሚያነብ ሰው ምክንያቱን ይዞ፣ ምክንያት የተሰጠበትን ነገር ይጥላል። ጳውሎስ ከምዕራፍ 9 ጀምሮ የሚጨነቀው ስለ ገዛ ሕዝቡ ስለ እስራኤል ነው። «ሁሉ» የሚለውም ከዚያ ይነሳል፤ አይሁድም አሕዛብም፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይኮራ።

እግረ መንገዴን ስለ «አለመታዘዝ» አንድ ነገር ልበል። ሰው ከ«እምቢተኝነት» ጋር አንድ ያደርገዋል፤ አንድ አይደሉም። እምቢታ በአፍ ነው። አለመታዘዝ በእግር ነው፤ ሄደ ወይስ አልሄደም ነው ጥያቄው። ማቴዎስ 21 ላይ ያሉትን ሁለት ልጆች ያስታውሱ። አባታቸው ወደ ወይኑ አትክልት ሂዱና ሥሩ አላቸው። አንዱ «አልወድም» አለ፣ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ ጌታዬ» አለና ቀረ። እምቢ ያለው የመጀመሪያው ነው፤ ያልታዘዘው ግን ሁለተኛው ነው። እሺ ብሎ መቅረትን እኛም አሳምረን እናውቀዋለን። ዮናስም ቢሆን ወደ ነነዌ ሂድ ሲባል ቃል አልመለሰም። ዝም ብሎ ተነሳ፣ ኢዮጴ ወረደ፣ ዋጋውን ከፍሎ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። እምቢ አላለም፤ ግን አልታዘዘም። ምዕራፍ 4 ላይ የኮበለለበትን ምክንያት ራሱ ሲናገር ደግሞ የሚደንቅ ነገር ይላል፦ እግዚአብሔር መሐሪ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው የሸሸው። በእኛ አገር በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ሙሉ የሚነበበው ይህ መጽሐፍ፣ የማይታዘዝ ነቢይና የታዘዘች ከተማ ጎን ለጎን ይዟል። ሁለቱም የተማሩበት ታሪክ ነው።

«የተማሩበት» ስል ምን ማለቴ ነው? ተምረው ነው ወይስ ተምረው? ይህ ወደ ዋናው ጥያቄዎ ያስገባኛል።

በግእዝ ሁለት ግሶች አሉ። አንዱ በሐመሩ ሐ የሚጻፈው «መሐረ» ነው፤ ማረ፣ ራራ ማለት ነው። ሌላው በሃሌታው ሀ የሚጻፈው «መሀረ» ነው፤ አስተማረ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ምሕረትና መሐሪ ወጡ። ከሁለተኛው ትምህርትና ምሁር ወጡ። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥለው ሁለቱ ተገናኙና «ተማረ» የሚለው ቃል «ትምህርት ቀሰመ» እና «ምሕረት ተደረገለት» ሁለቱንም ተሸከመ። ማቴዎስ 5፥7 ላይ «የሚምሩ ብፁዓን ናቸው፥ ይማራሉና» ይላል። ሕፃን ቢያነበው «ይማራሉ» የሚለውን ትምህርት ቤት መሄድ ሊመስለው ይችላል። ስለ አጻጻፉ ለጠየቁት መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ምሕረት በሐ፣ ትምህርት በሀ። «ምህረት» ብሎ የጻፈ ሰው ይነበብለታል፣ ማንም አይሳሳተውም። ሥሩን የሚያሳየው ግን «ምሕረት» ነው፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

«ይቅርታ» ደግሞ ከ«ቀረ» ነው የመጣው። «ይቅር» ማለት አይምጣ፣ አይነሳ፣ ይተው ማለት ነው። የሚቀረው ምንድን ነው? በደሉ ነው። «በደላችንን ይቅር በለን» ስንል በደሉን እንደሌለ ቁጠርልን ማለታችን ነው። «ማረ» ግን ቀጥታ ሰውየውን ይይዛል። «ማረኝ» እንላለን፤ የሚማረው እኔ ነኝ። መዝሙረኛው በመዝሙር 50 (በሌላው አቆጣጠር 51) ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፦ «ማረኝ» ይልና «መተላለፌን ደምስስ» ይላል። ሰውየው ይማራል፣ መተላለፉ ይደመሰሳል።

ሮሜ 11፥32 «ይቅር ይል ዘንድ» ያላለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። «ሁሉን ይቅር ይል ዘንድ» ቢባል «ሁሉን» የሚለው ጥፋቱን ሁሉ ሊመስል ይችላል። «ሁሉን ይምር ዘንድ» ሲል ግን ሰዎቹ ናቸው። የተዘጋባቸውም ሰዎች፣ የሚማሩትም ሰዎች። ሁለቱ «ሁሉን» አንድ ናቸው።

ምሕረት የእግዚአብሔር፣ ይቅርታ የሰው ነው የሚለው ግን አያስኬድም። በአባታችን ሆይ ጸሎት «ይቅር እንደምንል ይቅር በለን» እንላለን፤ ያው ግስ ለእኛም ለእሱም ሆኗል። መዝሙር 102፥8ም እግዚአብሔርን «መሓሪና ይቅር ባይ» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሰጠዋል። በሌላ በኩል «የሚምሩ ብፁዓን ናቸው» የተባለው ለሰዎች ነው። እንግዲህ ልዩነቱ በአምላክና በሰው መካከል አይደለም። የሚምር ሰው መቅጣት የሚችል፣ ማስከፈል የሚችል መሆን አለበት። ይቅርታ ግን በእኩዮች መካከልም ይሆናል። አውቶቡስ ላይ እግር የረገጠ ሰው «ይቅርታ» ይላል፤ «ማረኝ» ቢል ሰው ዞሮ ያየዋል። ጦር ሜዳ ላይ የተማረከ ወታደር ግን «ማረኝ» ነው የሚለው፤ ነፍሱ በሌላው እጅ ናትና።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ማቴዎስ 18 ነው። እልፍ መክሊት ዕዳ የነበረበት ባሪያ ዕዳው ሁሉ ተተወለት። ወጥቶ መቶ ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ጌታው ጠርቶ ሲወቅሰው «እኔ እንደ ማርሁህ» ይለዋል፣ ባልንጀራህን «ልትምረው» አይገባህም ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ ባሪያ ሌላውን ባሪያ «ሊምር» የቻለው ለምንድን ነው? በዚያች ሰዓት ዕዳውን የያዘው እሱ ስለሆነ ነው። ለመቶ ዲናር ያህል እሱም ጌታ ሆኗል። ምሳሌው ካለቀ በኋላ፣ ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ ሲናገር ግን ቃሉ ይለወጣል፦ ወንድሙን ከልቡ «ይቅር ካላለ» ይላል። ወንድም ለወንድም ነውና ይቅርታ ሆነ። ተርጓሚዎቹ ቃላቱን እንዲህ በየቦታቸው ማስቀመጣቸው ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የአገራችን ሕግም ሁለቱን ይለያቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች «በምሕረት ወይም በይቅርታ» እንደማይታለፉ ሲደነግግ ሁለት ነገሮችን እየቆጠረ ነው። በወንጀል ሕጉ ይቅርታ የተደረገለት ሰው ቅጣቱ ይቀርለታል ወይም ይቀልለታል፣ የተፈረደበት መሆኑ ግን በመዝገብ ይኖራል። ምሕረት ሲሆን ክሱም ይቆማል፣ ፍርዱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህን የሕግ ሚዛን እንዳለ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ መውሰድ አይገባም። ቃላቱ ግን ዛሬም አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል።

አንድ ስሕተት ብዙ ጊዜ ስለምሰማ ልጨምር። «ይምር» እና «ይማር» ይለያያሉ። «ይምር ዘንድ»፣ «ይምራል» ስንል «ይምር» ነው። ስንመኝና ስንጸልይ ግን «ይማር» ነው። ላነጠሰ ሰው «ይማርህ» የምንለው፣ እሱም «ያኑርህ» የሚለን ለዚህ ነው። «ነፍስ ይማር»ም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው የምትማረው ነፍስ የግሱ ባለቤት ትመስለዋለች። ባለቤቱ ያልተጠራው እግዚአብሔር ነው፤ ሙሉው «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይምርህ» ብሎ መመኘት አያስኬድም።

ለጥናታችሁ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ከቁጥር 30 ጀምሩ፣ ቁጥር 32 ላይ «ዘንድ» ካላችሁ በኋላ ትንሽ አረፍ በሉ፣ ከዚያ «ሁሉን በአለመታዘዝ ዘግቶታልና» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ አንብቡ። «በአለመታዘዝ» ላይ ከቆማችሁ ዓላማው ከአለመታዘዙ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፤ ወንድማችንን ያሳሳተውም አነባበቡ ሊሆን ይችላል። ንባቡንም እስከ ቁጥር 33 ቀጥሉ፤ ጳውሎስ ራሱ ክርክሩን እዚያ አቁሞ ወደ ምስጋና ይገባል።