«ፊቱ ጨፍግጎብኛል»

«ክረምቱ ከገባ ወዲህ ባለቤቴ ፊቱ ጨፍግጎብኛል። ከሥራ ሲመለስ መጋረጃውን ዘግቶ ሳሎን ይቀመጣል። መብራት ሳበራ ‹አጥፊው› ይለኛል። ቡና ሳፈላ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሳይጠብቅ ይነሳል። ጠልቶኝ ይሆን?» (ከጅማ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የያዘችኝ «ጨፍግጎብኛል» ላይ ያለችው «ብኝ» ናት። ሰማዩ ሲሆን «ጨፍግጓል» ብለን እናልፋለን። የሰው ፊት ሲሆን ግን ነገሩን ወደ ራሳችን እንወስደዋለን። ባልሽ መጨፍገጉን አይተሻል። ባንቺ የተነሳ መሆኑን ግን ገና አላየሽም። ቅሬታ ሊኖረው ይችላል፣ ካለም ከአፉ ስሚው።

ብርሃንና ስሜት በእርግጥ ይገናኛሉ። በዓይናችን የሚገባው ብርሃን የሰውነታችንን ሰዓት ያስተካክላል፤ እንቅልፍም ስሜትም ከዚያ ጋር ይሄዳሉ። ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ድባቴ በ1984 እ.ኤ.አ. በሕክምና ጽሑፍ ተገልጿል። እሱ ግን በዋናነት ቀኑ በጣም የሚያጥርባቸው የሰሜን አገሮች ጣጣ ነው። የጅማ ክረምት ቀኑን አያሳጥርም፤ እንዲያውም የዓመቱ ረጅሙ ቀን ሰኔ ላይ ነው። እኛን የሚጋርደን ደመናው ነው። ዝናቡም ቤት ያስቀምጠናል። ስለዚህ ሁሉንም በክረምቱ አታሳብቢ። «መስከረም ሲጠባ ይለቀዋል» ብለሽም ዝም አትበይ።

ደመናማ ቀን እንኳ የደጁ ብርሃን ከሳሎን አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱ ቤት በሚውልበት ቀን ረከቦቱን ወደ በረንዳ አውጪው። ጠዋት ካባራ አብራችሁ ወደ አዌቱ ወንዝ ወረድ በሉ። ጭቃው አይጠፋም፣ ቦቲ አድርጉ።

«ምን ሆነሃል?» አትበይው። መልሱ «ምንም» ነው፣ ታውቂዋለሽ። ያየሽውን ንገሪው፦ «ቶናውን ትተህ መነሳት ጀምረሃል። ብቻዬን መጠጣት ከበደኝ።»

እንቅልፉንና ምግቡንም ልብ በይ። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ከከፋው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። የሚታከም በሽታ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ስለ መሞት ካወራ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።

የመጀመሪያ ቀን «ተይኝ» ቢልሽ አትቀየሚው። የቶናውን ሲኒ ቀድተሽ አጠገቡ አስቀምጪለት።