ራጁ ንጹህ ከሆነ ይሄ ስካን ለምን ታዘዘ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እናቴ ድንገት ትንፋሽ አጥሯት ሀኪም ቤት ወሰድናት። ራጅ ተነስታ ሳንባዋ ንጹህ ነው አሉን፣ ግን ኦክስጅኗ ወርዷል። ኩላሊቷ ደከም ስላለ ሲቲ በኮንትራስት (ኩላሊት ላይ ሊከብድ የሚችል ማቅለሚያ በደም ስር ተሰጥቶ የሚነሳውን) ትተው ቪኪው ስካን የሚባል አዘዙላት፣ የሆነ አየር ትስባለች ከዛ መርፌ ትወጋለች አሉ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ጨረሩስ አይጎዳትም?

መልስ፦ እህቴ፣ የሳንባ ስራ እኮ አየርና ደምን ማገናኘት ነው። አየር እየገባ ደም በዛ በኩል ካላለፈ ትንፋሹ በከንቱ ነው፣ ደም እያለፈ አየር ካልደረሰው ደሞ ኦክስጅን ሳይዝ እንደመጣ ይመለሳል። ጤነኛ ሰው እረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ አየር የአየር ከረጢቶቹ ጋ ይደርሳል፣ ልብ ደግሞ 5 ሊትር ገደማ ደም ወደ ሳንባ ትገፋለች፣ አየሩን ለደሙ ስታካፍይው 0.8 ይመጣል። ግን ይሄ ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ አንዱ ሳንባ አየሩን በሙሉ ሌላኛው ደሙን በሙሉ ቢወስድ እኮ ስሌቱ ያው 0.8 ነው፣ ሰውየው ግን አይተርፍም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የት ጋ ተገጣጠሙ፣ የት ጋ ተላለፉ ነው።

ስካኑ ሁለቱን ለየብቻ ፎቶ ያነሳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ትንሽ ጨረር ያለው አየር ትስባለች፣ አየሩ የደረሰበት ቦታ ካሜራው ላይ ይታያል። ከዛ በክንዷ በኩል ቴክኒሺየም (ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር) የተለጠፈበት በጣም ደቃቅ የአልቡሚን ፕሮቲን ይሰጣታል፣ እሱ ሳንባ ደርሶ ቀጫጭን የደም ስሮች ላይ ይቀራል፣ ማለት ደም የሄደበትን ያሳያል። ስር ይዘጋል ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ የሚይዘው ከ1000 አንዱን እንኳ አይሞላም፣ በሰዓታት ውስጥም ተሰባብሮ ይጠፋል።

አየር እየገባ ደም የጠፋበት ቦታ ከታየ የረጋ ደም ቧንቧውን ዘግቶታል ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ግን ነገሩ ወደ ሳንባ ምች፣ አስም ምናምን ሊያደላ ይችላል። የረጋ ደም ደግሞ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ስለዚህ ንጹህ ነው መባሉ የለባትም ማለት አይደለም፤ እንደውም ራጁ ንጹህ ሲሆን ነው ስካኑ በደንብ የሚነበበው።

(ለምርምር የሚጠቀሙበት ከዚህ የረቀቀ ዘዴም አለ፣ በ1974 የወጣ፣ 6 ዓይነት ጋዝ በፈሳሽ ሟሙቶ በደም ስር እየገባ ስንቱ በትንፋሽ ወጣ ስንቱ ደም ውስጥ ቀረ ብለው ያሰላሉ። ለእናትሽ አያስፈልግም፣ ሲበዛ አድካሚ ነው፣ ደሞ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አያሳይም።)

ጨረሩ ትንሽ ነው፣ የቴክኒሺየም ጉልበት በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ለነፍሰ ጡሮችም ሳይቀር ይታዘዛል። የደሙ ፎቶ ሙሉ ጤናማ ከሆነ የረጋ ደም የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱ መሀል ላይ ከቆመ ምናልባት እግሯን አልትራሳውንድ ያነሷታል፣ ምክንያቱም ደሙ ብዙ ጊዜ ተነስቶ የሚመጣው ከዛ ነው። እስከዛ ግን ደረቷን ከወጋት፣ ደም ካስላት ወይ ራሷን ከሳተች ቀጠሮ ሳትጠብቂ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።