ትንበያው «ደህና ነው» አለ፣ እናቴ ግን ስትስል አደረች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሲያትል ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ሲሆን አስም አለባት። ባለፈው ክረምት መጨረሻ አንድ ማታ የአየር ጥራት ትንበያውን ስመለከት «ነገ ደህና ነው» ይል ነበር፤ ስለሞቀን መስኮት ከፍተን ተኛን። ሲነጋ ቤቱ የሰደድ እሳት ጭስ ይሸታል፣ እናቴም ስትስል አድራለች። ከእንግዲህ ትንበያውን ማመን ልተው?

መልስ፦ አይተዉት፤ ነገር ግን የማታውን ትንበያ ለጠዋት አያሳድሩት። የሰደድ እሳት ጭስን የሚተነብይ ሰው ሦስት ነገር መገመት አለበት፦ እሳቱ ነገ ምን ያህል እንደሚነድ፣ ጭሱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ነፋሱም ወዴት እንደሚወስደው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳተ ትንበያው ይስታል።

በእናንተ ከተማ ወሳኙ ነፋሱ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ሲነፍስ አየሩን ያጸዳዋል፤ ዞሮ ከምሥራቅ፣ ከካስኬድ ተራሮች በኩል ሲመጣ ግን ጭሱን ይዞ ይወርዳል። በጥቅምት 2022 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሲያትል በዓለም አየራቸው እጅግ ከተበከለ ከተሞች ተርታ የገባችው፣ ዝናብ መጥቶ እስኪያጥበው ድረስ ጭሱ ስላልተንቀሳቀሰ ነው።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ምድር ስትቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይቀራል፣ ሞቃቱም ከላይ ይጋደማል፤ ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ ጭሱን አፍኖ ይይዘዋል። ምናልባት እናንተ የተኛችሁት ከዚህ አክንባሎ ሥር ነበር። አንዳንዴ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ጠዋት ጭሱ ከላይ ብቻ ስለሆነ ፀሐይዋ ትቀላለች፣ ከታች ያለው አየር ግን ደህና ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ተደባልቆ ጭሱ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ሰማይ አይቶ መፍረድም አያዋጣም።

መስኮት ከመክፈትዎ በፊት «ኤርናው» (AirNow) የተባለውን የመንግሥት መተግበሪያ ይክፈቱና በዚያች ሰዓት የተለካውን ይመልከቱ። የእሳትና የጭስ ካርታው ላይ በየሰፈሩ የተተከሉ ትናንሽ መለኪያዎች ስላሉ የራስዎን አካባቢ ያገኛሉ። የአየር ጥራት ቁጥሩ (AQI) እስከ 50 ከሆነ ጥሩ ነው። ከ101 ጀምሮ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም እርጅና ላለበት ሰው ጎጂ ይባላል፤ ከ151 ጀምሮ ለሁላችንም። ለእናትዎ ግን እኔ 101ን አልጠብቅም፤ ሳሉ ከጀመረ ቁጥሩ 80 ቢሆንም መስኮቱ ይዘጋ።

ጭስ ባለበት ቀን ቡናውን አልከለክልም፤ ከሰሉን፣ ዕጣኑንና ጥብሱን ግን ያቆዩ። ጎጂዎቹ ብናኞች ከፀጉር ውፍረት 30 እጥፍ ያህል የሚያንሱ በመሆናቸው ከውጭም ይምጡ ከማንደጃው፣ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባሉ። አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አይከላከላቸውም፣ ነጠላውን ማራስም እንዲሁ፤ መውጣት ግድ ከሆነ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ጭምብል ያድርጉ። እናትዎ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ቢያስገቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቤቱ ተዘግቶ በጣም ከሞቀ ሙቀቱ ራሱ አዛውንትን ይጎዳልና፣ ቀዝቀዝ ወዳለ ዘመድ ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ይውሰዷቸው።

በየቀኑ የሚስቡት መድኃኒት ካለ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለው እንዳያቋርጡት፤ የማስታገሻው መንፊያም (ኢንሄለር) ከአጠገባቸው አይራቅ። መንፊያው ካላስታገሳቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ የሐኪም ቀጠሮ አይጠብቁ፣ 911 ይደውሉ። «ልጄን አላስቸግር» ብለው ዝም የሚሉ እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ቢሉዎትም ወሬ ያስጀምሯቸውና ያዳምጡ፦ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ለመሳብ የሚያቆሙ ከሆነ ደህና አይደሉም።