ግልባጩ ሰርቨር ለምን ቆመ? ስለ ዳታቤዝ የስህተት መልእክቶች ጥያቄና መልስ

ከእንቅልፌ የቀሰቀሱኝን የስህተት ቁጥሮች ብቆጥር ከአሥራ አምስት አይበልጡም፤ እነዚያው እየተመላለሱ ነው የሚመጡት። ያጋጠማችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ለመግባባት ያህል መጀመሪያ የሚጻፍበትን ሰርቨር «ዋናው»፣ ከእርሱ እየቀዳ የሚከተለውን «ግልባጩ» እላቸዋለሁ። ሌላ ስም ካልጠራሁ በቀር የማወራው ማይኤስኪውኤል 8.0 ስለሚባለው ዳታቤዝ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ግልባጩ በስህተት 1062 ቆመ። ባልደረባዬ «ዝለለውና አስነሳው» አለኝ። ዘለልኩት፣ ተነሣ። ልቤ ግን አላረፈም። ጥፋት ሠርቻለሁ?

መልስ፦ ልብዎ ልክ ነው። ዋናው እያንዳንዱን ለውጥ ባይነሪ ሎግ በሚባል መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ግልባጩ ዘንድ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ አንደኛው ያንን መዝገብ በኔትወርክ ተቀብሎ ሪሌይ ሎግ ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ከዚያ እያነበበ ሠንጠረዦቹ ላይ ይፈጽማል። 1062 የሁለተኛው ሠራተኛ አቤቱታ ነው፦ «ይህን ረድፍ አስገባ ተባልኩ፤ ነገር ግን በዚሁ ቁልፍ የተመዘገበ ሌላ ረድፍ ቀድሞኝ ተቀምጧል።» ዋናው ጥያቄ ማን አስቀመጠው የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም በስህተት ግልባጩ ላይ ጽፎ ነው። ያ የሆነው ደግሞ ከሳምንት በፊት ሊሆን ይችላል፤ መልእክቱ የሚነግርዎት ስህተቱ የታወቀበትን ሰዓት እንጂ የተሠራበትን አይደለም።

እኔም በጀማሪነቴ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ በየሌሊቱ መቀስቀስ ሰልችቶኝ ግልባጩ ማናቸውንም ስህተት በራሱ እንዲዘል አዝዤው ነበር። ሦስት ወር ሰላም ሆነ። ከዚያ የዋናው ዲስክ ተበላሸና ግልባጩን በቦታው ተካሁት። በማግስቱ ሒሳብ ክፍል ቁጥሮቹ አልገጥም አሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ያኔ ገባኝ፤ የሦስት ወሩን ጉድለት ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀምን ነው የሞላነው።

አሁን የዘለሉትን ረድፍ ከሁለቱም ሰርቨሮች አውጥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ በደህና አመለጡ። ከተለያዩ እውነተኛው የዋናው ነውና የግልባጩን ያርሙ። ለወደፊቱ ከመዝለል ይልቅ ግልባጩ ላይ ያለውን እንግዳ ረድፍ አጥፍተው ሥራውን ያስቀጥሉ፤ የዋናው ረድፍ በራሱ ጊዜ ይገባል። በሚያርሙበት ጊዜ ግን «ኤስኪውኤል ሎግ ቢን» የሚባለውን፣ ለውጦች መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ለዚያ ግንኙነት ብቻ ዜሮ ያድርጉት። አለዚያ እርማትዎ በግልባጩ መዝገብ ላይ እንደ አዲስ ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የለውጦች ጥቅል) ይሰፍርና፣ ግልባጩ ዋና በሚሆንበት ቀን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ሌላው፣ ግልባጩን «ሪድ ኦንሊ»፣ ማለትም የሚነበብ ብቻ፣ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ሱፐር የሚባል የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ አልፎት ይጽፋል። «ሱፐር ሪድ ኦንሊ» የሚባለውን ያብሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድ ደግሞ 1032 ነው። ተመሳሳይ ነው?

መልስ፦ የመስታወት ምስሉ ነው። ዋናው «ይህን ረድፍ ቀይር» ወይም «አጥፋ» ይላል፣ ግልባጩ ረድፉን ያጣዋል። አንድ ሁለት ረድፍ ከሆነ ከዋናው ቀድተው ያስገቡ። አንዱን አስተካክለው ወዲያው ሌላ 1032 ከመጣ ግን ማሳደዱን ይተዉት፤ ግልባጩን ከአዲስ መጠባበቂያ ቅጂ እንደገና መገንባት ይፈጥናል። ከ8.0.17 ጀምሮ የመጣው፣ የሌላውን ሰርቨር ውሂብ እንዳለ የሚቀዳው ክሎን ፕለጊን ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግልባጩ «ሪሌይ ሎጉን ማንበብ አልቻልኩም» ይላል፤ ቁጥሩ 1594 ነው። ውሂቡ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። የተበላሸው በመንገድ ላይ የነበረው ቅጂ ነው፤ ዋናው ዘንድ ያለው መዝገብ በቦታው አለ። «ሪሌይ ሎግ ሪከቨሪ» የሚባለውን በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አብርተህ ሰርቨሩን እንደገና አስነሳ። የተበላሸውን ሪሌይ ሎግ ጥሎ፣ ከፈጸመበት ቦታ ጀምሮ ከዋናው እንደ አዲስ ይቀዳል። ይህ ቅንብር ካልነኩት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለምን ጠፍቶ እንደሚተው አይገባኝም።

የዋናውን ጉዳይ ግን አደራ። አንዳንድ ሰው ፍጥነት ለማግኘት፣ ባይነሪ ሎጉ መቼ መቼ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር የሚወስነውን «ሲንክ ቢንሎግ»ን ከ1 ወደ 0 ያወርደዋል። ያን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ዋናው የመዝገቡን የመጨረሻ ገጾች ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ይወድቃል፤ ግልባጩ ግን ቀድሞ ተቀብሏቸው ሊሆን ይችላል። ሲነሡ ግልባጩ ዋናው በማያውቀው ቦታ ላይ ቆሞ «ከዚህ ቀጥልልኝ» ይላል፣ መልሱም ስህተት 1236 ይሆናል።

ጥያቄ፦ የዋናውን ቨርቹዋል ማሽን እንዳለ ገልብጠን ግልባጭ አደረግነው። መለያ ቁጥሩን ቀይረናል፣ ሆኖም «መለያችሁ አንድ ነው» እያለ እምቢ ይላል።

መልስ፦ የቀየራችሁት «ሰርቨር አይዲ»ን ነው። ሌላ ረጅም መለያ፣ ዩዩአይዲ የሚባል፣ በዳታ ማውጫው ውስጥ «አውቶ» በሚል ፋይል ተቀምጧል፤ እርሱም አብሮ ተገልብጧል። ሰርቨሩን አቁማችሁ የግልባጩን ፋይል አንሡት፤ ሲነሣ አዲስ ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ ግልባጩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ስጠይቀው ዜሮ ሰከንድ ይላል፣ ደንበኛው የአሥር ደቂቃ አሮጌ መረጃ ነው የሚያየው። ማን ነው የሚዋሸው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸም። ያ ቁጥር የሚለካው ሁለተኛው ሠራተኛ እጁ ላይ ከደረሰው ሪሌይ ሎግ ምን ያህል እንደቀረው ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ሆኖ መዝገቡ ገና ካልደረሰ፣ ሠራተኛው የሚሠራው አጥቶ ቁጭ ብሏልና «ዜሮ» ይላል። አስተማማኙ ዘዴ ቀላል ነው፦ ዋናው ላይ በየሰከንዱ ሰዓት የሚጻፍባት አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አብጅና ግልባጩ ላይ አንብባት። የሁለቱ ማሽኖች ሰዓት መስተካከሉን ግን አስቀድመህ አረጋግጥ። ቁጥሩ ዜሮ ሳይሆን «ነል» (ዋጋ የለም) ካለህ ደግሞ ሠራተኛው ቆሟል ማለት ነው፤ የመጨረሻውን የስህተት መስመር አንብብ።

ጥያቄ፦ የሠራተኞችን ፋይል ስናስገባ አንዳንዱ ረድፍ በስህተት 1292፣ «የተሳሳተ የቀን ዋጋ» ተብሎ ይመለሳል። ቀኖቹን አንድ በአንድ አይተናቸዋል፣ ትክክል ናቸው።

መልስ፦ ትክክል የሆኑት በእኛ አቆጣጠር ነው። የተመለሱትን እንደገና ተመልከቷቸው፣ ወይ ጳጉሜን ወይ ጥቅምት መጨረሻ ይሆናሉ። ዴት የሚባለው የዓምድ ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። 13ኛ ወር ስትሰጡት ይደነግጣል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ እርሱ ፌብሩዋሪ አድርጎ ያያታል፤ ስለዚህ 30ን ጨርሶ አይቀበልም፣ 29ን የሚቀበለውም የዓመቱ ቁጥር ለ4 ሲካፈል ብቻ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2016 ይገባል፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ይመለሳል።

እኔን የሚያስፈሩኝ የተመለሱት አይደሉም፤ ድምፅ ሳያሰሙ የገቡት ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 1 ስንት ቀን አለ ብላችሁ ብትጠይቁት 31 ይላችኋል፤ እኛ ዘንድ 30 ነው። በዚህ ላይ የአገልግሎት ዘመንና የዓመት ፈቃድ ሲሰላበት አስቡት። የተሳሳተ ዋጋን የሚመልሰውን ጥብቅ ሁነታ አጥፍተው «አሁን ሁሉም ገባ» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ አዎ ገባ፣ ጳጉሜን የተወለደው ሰው የልደት ቀኑ በሙሉ ዜሮ ሆኖ። ቀኑን ወደ ግሪጎርያን ቀይራችሁ አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩት ብቻ ወደ እኛ መልሱት። የገቡትን ረድፎችም አጥፍታችሁ ከምንጩ ፋይል ጀምሩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ስሞች ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ይታያሉ። ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ የሚወሰነው ውስጡ በተጻፈው ነገር ነው። የዓምዱ የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ዩቲኤፍ 8 ከሆነ «አስኪ» የሚባለውን ፈንክሽን ስሙ ላይ አሂዱት፤ የመጀመሪያውን ባይት ቁጥር ይሰጣችኋል። 225 ከሆነ ፊደሉ በትክክል ተቀምጧል፣ ችግሩ የማሳያው ወይም የግንኙነቱ ቅንብር ነው። 195 ከሆነ ወደ ዩቲኤፍ 8 ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በስክሪን ላይ ጭረትና ነጥብ ያላቸው የላቲን ፊደላት የሚታዩትም ያን ጊዜ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። 63 ከሆነ የተጻፈው ራሱ ጥያቄ ምልክት ነው፤ ስሙ የለም፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ ፈልጉት።

ጥያቄ፦ በቀን አሥር ጊዜ ስህተት 1205 ይመጣል። የመጠበቂያውን ጊዜ ከ50 ወደ 300 ሰከንድ ላሳድገው?

መልስ፦ አልሸሹም ዞር አሉ ይሆናል። 1205 ማለት «ሌላ ሰው ቆልፎታል፣ ጠብቄ ሰለቸኝ» ነው። ጊዜውን ብታስረዝመው ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ቆላፊው አይለቅም። «ሲስ» በሚባለው ስኪማ (የሠንጠረዦች ስብስብ) ውስጥ ማን ማንን እንዳስጠበቀ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ ስህተቱ እየሆነ ሳለ እርሱን ተመልከት። እኔ ደጋግሜ ያገኘሁት ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ ሳያጸድቅ ምሳ የወጣ ሰው ነው።

ከዴድሎክ፣ ሁለት ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ ተጠባብቀው ከሚቆላለፉበት ከ1213 ጋር አታምታታው። በ1213 ትራንዛክሽኑ በሙሉ ተሰርዟል፣ ፕሮግራምህ ከመጀመሪያው ይሞክር። በ1205 ግን የተሰረዘው የመጨረሻዋ ትእዛዝ ብቻ ናት፣ ከእርሷ በፊት የሠራኸው ገና እንደተንጠለጠለ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያጸድቅ ፕሮግራም ግማሽ ሥራ ይመዘግባል።

ጥያቄ፦ ጠዋት መጀመሪያ የሚገባው ሰው ብቻ ሁልጊዜ 2006፣ «ሰርቨሩ ሄዷል» የሚል ያገኛል። ሁለተኛው ሰው ምንም አይገጥመውም።

መልስ፦ ሰርቨሩ ሥራ የፈታ ግንኙነትን 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ጠብቆ ይዘጋዋል። ቢሮው በ11 ሰዓት ተዘግቶ በማግስቱ 2 ሰዓት ተኩል ከተከፈተ መሐል 15 ሰዓት ተኩል አለ። ፕሮግራምህ የያዛቸውን አሮጌ ግንኙነቶች ከመጠቀሙ በፊት እንዲፈትሽ አድርገው። እኩለ ቀን ላይ፣ ትልቅ ፋይል ሲጫን ከመጣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የፓኬቱን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከውን መልእክት፣ መጠን ገደብ እይ፣ ሰርቨሩ ላይ ካልተነካ 64 ሜጋባይት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የምንጠቀመው ፖስትግሬስ የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ ነው። ግልባጩ ላይ የወር መጨረሻ ሪፖርት ስናወጣ «ከማገገም ሥራው ጋር ስለተጋጨ ኩዌሪው (የመረጃ ጥያቄው) ተሰርዟል» ይለናል።

መልስ፦ ሪፖርታችሁ የሚያነባቸውን የረድፍ አሮጌ ቅጂዎች ዋናው አያስፈልጉም ብሎ ጠርጓቸዋል። ጥረጋው ግልባጩ ላይ ሲደርስ እስከ 30 ሰከንድ ይታገሣችሁና ኩዌሪያችሁን ይቆርጠዋል። ትዕግሥቱን ብታስረዝሙት ግልባጩ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ግልባጩ ገና የሚያነበውን ዋናው እንዳይጠርግ የሚያሳውቀውን «ሆት ስታንድባይ ፊድባክ»ን ብታበሩ ደግሞ ቆሻሻው ዋናው ላይ ይከማቻል። የእኔ ምርጫ ለሪፖርት ብቻ የሚሆን ሌላ ግልባጭ ለይቶ፣ የእርሱን ትዕግሥት ሁለት ሰዓት ማድረግ ነው። ያንን ግልባጭ አንድ ቀን ስታስወግዱት፣ ዋናው ላይ የተመዘገበለትን ስሎት (ግልባጩ እስከ የት እንደተቀበለ የሚይዝ ምልክት) አብራችሁ ሰርዙ፤ አለዚያ ዋናው የማይመጣ ተቀባይ እየጠበቀ መዝገቡን ያከማቻል፣ ገደብ ካላበጃችሁለት ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ።